ያነሳሁት ልጅ

ስሜን ያወጣልኝ አባቴ ነው፤ ምንይሉ። ከእኔ በፊት ሦስት ልጆች በሕፃንነታቸው ሞተውበታል። ጎረቤቱ ሁሉ ዘር የለውም እያለ ሲያማው ኖሮ እኔ ስወለድ «እስቲ አሁን ምን ይሉ!» ብሎ በኩራት ሰየመኝ። እኔ ግን ኩራቱን ትቼ ጥያቄውን ብቻ ወረስኩ። ሰው ምን ይላል ስል ነው ያደግኩት፤ ሰው ምን ይላል ስል ነው ልጄንም ያጣሁት። ጥሩ ሰው መስዬ ለመታየት እንደማልጽፈው ከወዲሁ ልናገር፤ ብፈልግም ታሪኩ አያስመስለኝም።

ብርነሽ ወሰኔና እኔ ቀየት ከምትባል የገጠር ከተማ ወጣ ብሎ ያለ የአንድ አጥቢያ ልጆች ነን። አሥረኛ ክፍልን አልፈን ለመሰናዶ ትምህርት መሐል ሜዳ የገባነው በ1999 ዓ.ም. ነው። እንደማንኛውም የገጠር ተማሪ ከተማ ውስጥ ቤት ተከራይተን፣ በየሁለት ሳምንቱ አርብ ከሰዓት በእግራችን ወደ ቤተሰብ እየሄድን፣ እሑድ በሶና ቆሎአችንን ተሸክመን እንመለስ ነበር። እሷ ከሁለት ሴት ልጆች ጋር፣ እኔ ከራቤል ከመጣ አንድ ልጅ ጋር፤ በአንድ ግቢ ውስጥ ክፍሎቻችን ፊት ለፊት ነበሩ።

በዚያ ዘመን የምንማረው በፕላዝማ ነበር። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ቴሌቪዥን ውስጥ ያለው አስተማሪ በእንግሊዝኛው ይጋልባል። ጥያቄ ይጠይቅና እኛ ጥያቄው ምን እንደሆነ ሳይገባን «ጎበዞች» ብሎን ያልፋል። መብራት ሲጠፋ ትምህርቱም አብሮ ይጠፋል፤ ያመለጠው አመለጠ ነው። ከክፍላችን ከዚያ ሰውዬ እኩል የምትሮጠው ብርነሽ ብቻ ነበረች። ማታ ማታ የበግ ፀጉር ባናዋን ተከናንባ ደጃፏ ላይ ትቀመጥና ያመለጠንን ሁሉ በአማርኛ ታስረዳናለች። ሌሎቹ እየቆዩ ተበታተኑ፤ እኔ አልሄድኩም። መጀመሪያ ለሒሳቡ ብዬ ነበር፣ በኋላ ሒሳቡን ለእሷ ብዬ እስከማጠና ደረስኩ። ፋርማሲ እማራለሁ ትል ነበር። ለምን ፋርማሲ ስላት፣ መድኃኒት ቤት ውስጥ የሚሠራ ሰው ውርጭ አይመታውም ብላ ትስቅብኛለች።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል የገባነው በሚሊኒየሙ ዓመት ነው። አገሩ ሁሉ በዓል በዓል ይል ነበር፤ እኛም ከአገሩ ጋር አበድን። ሌላውን አልዘረዝረውም። በፍቅር ነበር፣ በሁለታችን ፈቃድ ነበር፣ የሚያሳፍረኝም እሱ አይደለም።

ታኅሣሥ ላይ አንድ አርብ ወደ ቤተሰብ ስንሄድ ከሌሎቹ ወደ ኋላ ቀረት አለችና ማርገዟን ነገረችኝ። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። እኔ ከአፌ የወጣው የመጀመሪያ ቃል «ፈተናውስ?» የሚል ነበር። እሷ ለእሷ የተጨነቅኩላት መስሏት፣ ግንቦት ላይ ሰባተኛ ወሯን እንደምትይዝና በዚያ ሆድ አዳራሽ ገብታ መፈተን እንደማትችል በጣቷ እየቆጠረች ታስረዳኝ ጀመር። እኔ ያልኩት ስለ ራሴ ፈተና ነበር። አላረምኳትም፤ እንዲያውም እጇን ያዝ አድርጌ፣ የተጨነቀላት ሰው መስዬ አብሬአት ሄድኩ።

መፍትሔውን ያወጣችውም እሷ ናት። ስለማስወረድ አንዳችንም ትንፍሽ አላልንም። ስሜን ከተናገረች አባቷ አቶ ወሰኔ በማግስቱ ሽማግሌ ይዞ አባቴ ቤት ይመጣል፤ አባቴም በሬ ጠምዶ፣ መሬት ቆርሶ፣ ጎጆ ያወጣናል፤ የሁለታችንም ትምህርት እዚያ ላይ ያበቃል። ስለዚህ እሷ የግማሽ ዓመቱ ፈተና ሲያልቅ ታመምኩ ብላ ወደ ቤቷ ትሄዳለች፤ ቢገድሏትም ስሜን አትጠራም። እኔ እፈተናለሁ። ውጤት እንደመጣ ሽማግሌ እልካለሁ፤ ዩኒቨርሲቲ የደረሰው ልጅ ስለሆንኩ ማንም አርስ አይለኝም። ልጁን እናቷ ትይዝላታለች፣ እሷ እንደገና ትመዘገባለች፣ ሁለት ዓመት ዘግይታ ትከተለኛለች። አንድ የሒሳብ ጥያቄ እንደምታስረዳኝ አድርጋ በቅደም ተከተል ነገረችኝ። ገባህ? አለችኝ። ገባኝ አልኳት።

እሷ የድርሻዋን ፈጸመች። አባቷ ሆዷን ባየ ጊዜ «የማን ነው?» ብሎ ቢጠይቃት «የእኔ ነው» አለችው አሉ። ቢመታትም፣ ሦስት ወር ሙሉ ቢያኮርፋትም ከዚያ ሌላ ቃል አልወጣትም። ይህን የሰማሁት ከእናቴ ነው። ገበታ ላይ ነበርን፤ እናቴ እያወራች ድንገት አቋረጠችና ፊቴን ብዙ አየችው። ከዚያ «ብላ እንጂ» አለችኝ። በላሁ።

ግንቦት ላይ ተፈተንን። ብርነሽ ፎርም የሞላችው ታኅሣሥ ከመግባቱ በፊት ስለነበር ስሟም ፎቶዋም ከእኛ ጋር መጥቷል። ፈታኙ በየጠዋቱ ስም ሲጠራ «ብርነሽ ወሰኔ» ይላል፣ ከተማሪው አንዱ «የለችም» ይላል። በሦስተኛው ቀን ከሁሉ ቀድሜ «የለችም» ያልኩት እኔ ነኝ። ለምን እንደዚያ እንዳልኩ እስካሁን አላውቅም፤ ምናልባት ስሟ ሲጠራ ዝም የሚል ሰው እንዳይጠረጠር ብዬ ይሆናል። የሒሳቡን ፈተና ስሠራ ግን ከመልሶቹ ግማሽ ያህሉ በእሷ ድምፅ ነበር የሚመጡልኝ።

ልጁ ሐምሌ አሥራ ሁለት ቀን ተወለደ፤ ወንድ ነው። ውጤት ሐምሌ መጨረሻ ላይ መጣ፤ አልፌአለሁ። አባቴ በግ አረደ። እንግዲህ የእኔ ተራ ነበር። ፍልሰታ ገባ፤ በጾም ሽማግሌ አይላክም አልኩ። ፍልሰታ ወጣ፤ ጭቃው ጠጠር ይበል፣ ሽማግሌዎቹን በዚህ ዝናብ አላንገላታ አልኩ። ለሽማግሌ አዛኝ ሆንኩላችሁ። እውነቱ ግን አንድ ነበር፤ ሽማግሌ መላክ ማለት የወሰኔን ልጅ ያዋረድኳት እኔ ነኝ ብሎ ለአገር መናገር ነው። አባቴ ፊት፣ እናቴ ፊት፣ «ጨዋ ልጅ» ብሎ ምራቁን እንትፍ እያለ የመረቀኝ አጥቢያ ሁሉ ፊት። አንድ ቀን ልቆርጥ እነሳና ከደጁ ላይ እመለሳለሁ።

የልጁ አርባ ቀን ነሐሴ ሃያ አንድ ዋለ። የማርያም ቀን ስለሆነ ቤተ ክርስቲያን ሰው ሞልቶ ነበር። የሄድኩት ልጁን ከሩቅ ለማየት ነው። አንዴ ካየሁት ይቆርጥልኛል ብዬ ራሴን አሳምኜ ነበር። ከወንዶቹ መሐል ቆሜ ወደ ክርስትና ቤቱ አያለሁ። ብርነሽ ነጭ ለብሳ ደጃፉ ላይ ተቀምጣለች፤ ቄስ ገብረየሱስ የመንጻቱን ጸሎት ደግመውላት ጨርሰዋል። እናቷ ወይዘሮ ጌታነሽ ልጁን ታቅፈዋል። ብርነሽ ከስታ ነበር፣ ዓይኖቿ ብቻ ቀርተዋል። እነዚያም ዓይኖቿ እኔ ላይ ነበሩ።

ልጁን ክርስትና ያነሳል የተባለው አጎቷ ሀዲስ ነበር። ከራቤል ይመጣል ተብሎ ቢጠበቅ ቢጠበቅ የለም። ወንዙ ሞልቶበት ይሆናል አሉ። ቄሱ «የሚያነሳው ማነው? ቀኑን አናሳልፍበት እንጂ» አሉ። አቶ ወሰኔ ወደ ወንዶቹ ዞሮ አየ፤ ወንዶቹ መሬት መሬት አዩ። አባቱ ያልታወቀ ልጅ ስም ውስጥ ስሙን ማስገባት የሚፈልግ አልነበረም። የወሰኔ ፊት ሲቀላ አየሁት። በአገሩ የተከበረ ሰው ነው፤ ለልጅ ልጁ ክርስትና አንሺ ሲለምን የዋለበት ቀን ነው። ከዚያ ወደ ብርነሽ ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር ተነጋገረና ቀና ሲል ዓይኑ እኔ ላይ አረፈ።

«ምንይሉ፣ አንተ አብሮ አደጓ ነህ፤ የጨዋ ልጅ ነህ» አለኝ። «ልጁን አንሳልኝ።»

እዚህ ላይ ቆም ልበል። ክርስትና ማንሳት በእኛ አገር ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የለም። ልጁን ያነሳ ሰው ለወላጆቹ አበልጅ ይሆናል፤ አበልጅ ሥጋ ዘመድ ማለት ነው፣ ከሥጋም ይጠብቃል። አበልጆች አይጋቡም፣ ልጆቻቸውም አይጋቡም። ለዚህ ነው የገዛ ልጁን ክርስትና የሚያነሳ አባት የሌለው። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ይህን ነገር ለአንድ ጓደኛዬ ስነግረው፣ ያን ጊዜ ልጅ ነበርኩ፣ ሕጉን አላውቅም ነበር ብዬዋለሁ። ውሸት ነው። አውቅ ነበር። ባላውቅ እንኳ ቄስ ገብረየሱስ ጮክ ብለው ነግረውኛል።

«ልብ በል» አሉኝ። «ከዛሬ ጀምሮ እናቱ እንደ እህትህ ናት። ለትዳር አትፈላለጉም። ተስማምተሃል?»

ብርነሽ ታየኛለች። አሁን ሳስበው «አይ፣ አልችልም» ማለት ብቻ ይበቃ ነበር። ለምን ሲሉኝ ነገሩ ሁሉ ራሱ በወጣ። ሦስት መቶ ሰው ግን ይሰማል። እናቴ በሴቶቹ በኩል ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ቆማለች። በዚያች ቅጽበት በጭንቅላቴ ያለፈውን ሐሳብ ብደብቀው ደስ ባለኝ፤ ግን ልንገራችሁ። ልጁን ካነሳሁት ማንም ከእንግዲህ አይጠረጥረኝም አልኩ፤ አባት የሆነ ሰው ይህን አያደርግማ። አየት አድርጌ አሰብኩት፣ ደህና መሸሸጊያ ሆኖ ታየኝ።

«እሺ አባ፣ ተስማምቻለሁ» አልኩ።

ልጁን ወይዘሮ ጌታነሽ እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። ቀላል ነበር። ግንባሩ የአባቴ ግንባር ነው፤ ሰው እንዳያየው ጨርቁን ሳብ አደረግኩበት። ከዚያ ወደ ምዕራብ ዞረን ስለ ልጁ ሆኜ ሰይጣንን መካድ ነበረብኝ። «እክህደከ ሰይጣን» በል አሉኝ። እክህደከ አልኩ። ግዕዙ ከአፌ ሲወጣ ማንን እየካድኩ እንደሆነ እኔና ብርነሽ ብቻ ነን የምናውቀው። ልጁ ውኃው ሲነካው ጮኸ፤ ሴቶቹ እልል አሉ። ከውኃው ስቀበለው ደረቴ ላይ ተለጥፎ ዝም አለ። ወልደ አማኑኤል ተባለ። ማዕተቡን አንገቱ ላይ ያሰርኩለት እኔ ነኝ፤ ቋጠሮው ሁለት ጊዜ ተፈትቶብኛል።

ከቤተ ክርስቲያን ወጥተን ወሰኔ ቤት ተበላ፣ ተጠጣ። ከወሰኔ ጎን አስቀመጡኝ። አበልጅ ብላ፣ አበልጅ ጠጣ እያሉ ያጣድፉኛል። የእናቴ ፊት በስንት ወሩ ተፈትቶ አየሁት፤ ከጎኗ ያሉትን ሴቶች ስታሳስቅ ነበር። ብርነሽ ጓዳ ነበረች። ልሰናበታት ብዬ በመጋረጃው በኩል ብገባ ጀርባዋን ሰጥታ ልጁን ታጠባለች። ዞር አላለችም፤ እኔም ብዙ አልቆየሁም።

መስከረም ላይ ጅማ ደረሰኝና ሄድኩ። ስለ ጅማ የምናገረው የለኝም፤ እንደ ሰው ተማርኩ፣ እንደ ሰው ሳቅኩ። በየክረምቱ ስመጣ እንደ ክርስትና አባት ልብስ ይዤ እሄዳለሁ፤ አቶ ወሰኔ ባለበት ተቀምጬ፣ ልጁን ስሜ፣ እመለሳለሁ። ብርነሽ ልጁን አንዷለም ብላዋለች። በትምህርት ቤት መዝገብ አንዷለም ወሰኔ ተብሎ እንደሚጻፍ አያቱ ተናግሯል። ብርነሽ ልጁ ጡት ሲጥል እንደገና ተመዝግባ በ2002 ተፈተነች። ለዩኒቨርሲቲ መግቢያው ትንሽ ነጥብ ጎደላት። ሁለት ዓመት ቆይታ፣ ልጅ አዝላ፣ በየሁለት ሳምንቱ ያን መንገድ እየተመላለሰች ያመጣችው ነው። ፋርማሲው ቀረ፤ መስከረም ላይ ደብረ ብርሃን መምህራን ኮሌጅ ልትገባ ነበር።

ያን ክረምት ነው የቆረጥኩት። ዘግይቼ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን ከጅማ እስከ መሐል ሜዳ በአውቶቡስ ስመጣ የምላትን ሁሉ ሳጠና ነበር። ብቻዋን አገኘኋት። ደጅ ላይ ተቀምጣ የበግ ፀጉር ትፈትላለች። አጠገቧ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩና ያጠናሁትን አወረድኩት። ከዚህ አገር እንውጣ፣ ማዘጋጃ ቤት ሄደን እንፈራረም፣ ጅማ ማንም አያውቀንም፤ ያ ካልሆነም ሄጄ ለቄስ ገብረየሱስ ልናዘዝ፣ ለአባትሽም እግሩ ላይ ወድቄ ልንገር፣ ልጄ በስሜ ይጠራ አልኳት። እንባዬ መጥቶ ነበር። ይህንንም ሳልደብቅ ልናገር፤ እንባዬን ስታይ ልቧ ይራራል ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር።

ፈትሏን አላቆመችም።

«ሀዲስ ለምን እንደቀረ ታውቃለህ?» አለችኝ።

ወንዝ ሞልቶበት አልኳት።

«ቀኑ ተዛውሯል ብዬ የላክሁበት እኔ ነኝ። አባቴንም ምንይሉን ጠይቀው ያልኩት እኔ ነኝ።» እንዝርቷን አቆመች። «ሽማግሌው ሲቀር ፈርቶ ነው አልኩ። ሰው ፊት ለመናገር ይፈራል፣ ልጅ ነው አልኩ። ይሄንን ግን እሺ አይልም አልኩ። በሩን በገዛ እጁ ዘግቶ አይሄድም፣ ሌላው ቢቀር አይ ይላል፣ አይ ካለ ደግሞ እኔ ተነስቼ የቀረውን እናገርለታለሁ ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። ምን ብዬ እንደምናገር ሌሊቱን ሁሉ ሳጠና ነው ያደርኩት።»

ይቅር በይኝ አልኳት መሰለኝ። አልሰማችኝም ወይም የሰማች አልመሰለችም።

«አሁን ብትናገር ልጁ አባት አያገኝም» አለችኝ እንዝርቷን መልሳ እያሾረች። «ያለውን ክርስትና አባት ነው የሚያጣው። እኔን ደግሞ ከአበልጇ የወለደች ይሉኛል። ለአንተ ይቅልልህ ብዬ እሱን አልሸከምም።»

የተቆጣች ብትሆን በተሻለኝ ነበር። ድምፅዋ ያ የድሮው የማስረዳት ድምፅ ነው፤ አንድ በአንድ፣ ሳይቸኩል። ልክ ነበረች። የእኔ ኑዛዜ የሚጠቅመው እኔን ብቻ ነበር። ደፈርኩ ብዬ የመጣሁበት ነገር ራሱ ሌላ ራስ ወዳድነት ሆኖ ተገኘ። ፊቷን ማየት ስላቃተኝ ያን ነጭ ፀጉር ከጣቶቿ ሲወርድ አየዋለሁ።

በዚህ መሐል ወይዘሮ ጌታነሽ ልጁን አስከትለው ከበስተጓሮ መጡ። ሲያዩኝ ደስ ብሏቸው፣ መቼ ገባህ፣ ምን ቀመስክ እያሉ ይስሙኝ ጀመር። ብርነሽ ብድግ ብላ ቀሚሷ ላይ የቀረውን ፀጉር አራገፈች። ሁልጊዜ አንተ እያለች ነው የምትጠራኝ፤ በልጅነታችንም፣ በፍቅራችንም፣ አሁን ከደቂቃ በፊትም።

«እማዬ፣ አበልጃችን ሊሄዱ ነው» አለች። «ይቆዩ ብላቸውም እንቢ ብለውኛል። ልጁን አቅርቢላቸው፣ ጉልበታቸውን ይሳም።»

አሮጊቷ ልጁን ከጀርባው ገፋ አደረጉት። ልጁ ትንሽ አፍሮ ቆመና፣ ያስተማሩት ስለሆነ፣ ጎንበስ ብሎ አንዱን ጉልበቴን ሳመ፤ ከዚያም ሌላኛውን። ግንባሩ አሁንም የአባቴ ግንባር ነው። እጄን ራሱ ላይ ጫንኩ።

«እደግ» አልኩት፤ ለሌላ ሰው ልጅ እንደሚባለው።